የመርዝ ጋዝን የማጥፋት ወጪ የማን ነው?

(በራዲዮ የተነገረ)



ከጉለሌ ክፍለ ከተማ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጻፉልን ደብዳቤ፥ «አንድ መንግሥት የመርዝ ጋዝ ይዞ በሌላው አገር ቢገባና ኋላም ጥሎት ቢሄድ፥ የማጥፊያውን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? ድኻው ባለ መሬት ነውን፥ ወይስ ያመጣው ባለጠጋ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ሚኒስትሮችንና አምባሳደሮችን ለብዙ ዓመታት በጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የተፈቀደልኝን ጊዜ ሁሉ ለዚሁ ነገር ላውለው አስቤአለሁ።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት የሚከለክለው የጄኔቭ ፕሮቶኮል የተፈረመው በሰኔ 1917 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ ይህን ውል እኛን ከመውጋቷ 7 ዓመት አስቀድማ አጽድቃው ነበር፤ ኢትዮጵያም ጦርነቱ በተከፈተበት ዓመት ገብታበታለች። እንግዲህ ሁለቱ ተዋጊዎች በአንድ ውል ታስረው ሳሉ ነው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ በኩል በተሰለፈው በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያወረዱት። ጋዝ ይባል እንጂ ነገሩ ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ በሣሩም በውሃውም ላይ ይቀመጣል። አንዱ ቦምብ ብቻ ወደ 212 ኪሎ የሚሆን መርዝ ይይዝ ነበር። ወታደሩ በባዶ እግሩ ስለ ነበረ በረገጠው ሣር እግሩ ተላጠ፤ ውሃ ሊጠጣ የወረደው ከብትም ሰውም ተቃጠለ። የጋዝ መከላከያ ጭምብል የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ለቆዳም ጭምብል አይበጅለትም።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ በዝርዝር መናገራቸውን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ የሆነውን ግን ብዙዎቻችን አናነሣውም። የኢትዮጵያ መልእክተኞች፥ ማኅበሩ ዋስ ሆኖ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲገኝ ጠየቁ። ድምፅ ሲሰጥ 23 መንግሥታት እንቢ አሉ፤ 25ቱ ድምፃቸውን አቆዩ፤ እሺ ያለች አንዲት ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ርዳታ በልመና መንገድ ብቻ ሲጠየቅ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደ ሆነ ከዚህ ድምፅ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

መርዙም በዚያ ዓመት አላበቃም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፥ ዘረት በተባለው ቦታ በዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ጋዝ ተለቅቆባቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፥ የኢጣልያ መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ በኢትዮጵያ ላይ በመርዝ ጋዝ መሠራቱን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከድርጊቱ እስከ ቃሉ 60 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የኬሚካል መሣሪያን መሥራትንም፥ ማከማቸትንም፥ መጠቀምንም ፈጽሞ የሚከለክለው ስምምነት በፓሪስ ለፊርማ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ሲሆን፥ ኢትዮጵያ በዚያው ወር ፈርማ በ1996 አጽድቃዋለች። ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ሲሆን፥ ጠባቂው ድርጅት በኔዘርላንድስ፥ በላሄ ከተማ ይገኛል። የስምምነቱ መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው፤ መሣሪያው የማን ነው? የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ የማጥፊያውንም ወጪ የሚችል ባለቤቱ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1925 ወዲህ አንድ መንግሥት ያለ ባለ አገሩ ፈቃድ በሌላ አገር መሬት ላይ ጥሎት የሄደው የኬሚካል መሣሪያ «የተተወ» ተብሎ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን፥ ዕውቀቱን፥ ባለሙያውንና ማናቸውንም መሣሪያ ሁሉ የማቅረብ ግዴታ የጣይው መንግሥት ነው፤ ባለ መሬቱ የሚጠበቅበት ተገቢውን ትብብር ማድረግ ብቻ ነው። የጉለሌው ጠያቂያችን መልስ ይኸው ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕግ በወረቀት መጻፉና ገንዘብ ከካዝና መውጣቱ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ ቻይናና ጃፓን ናቸው። የጃፓን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሲሸነፍ በቻይና ምድር እጅግ ብዙ የመርዝ ጥይት ቀብሮና ጥሎ ሄደ። ሁለቱ መንግሥታት ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ሐምሌ 30 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ጃፓን ወጪውን ሁሉ ልትችል፥ ሥራውም በቻይና ሕግ መሠረት ሊካሄድ ተስማሙ። ከዚያስ? በመጀመሪያ በቍጥሩ አልተስማሙም፤ ቻይና 2 ሚሊዮን ጥይት ነው ስትል፥ ጃፓን 700 ሺህ ያህል ነው አለች። በ2007 እንዲጠናቀቅ የታሰበው ሥራ ወደ 2012፥ ከዚያም ወደ 2022፥ ዛሬ ደግሞ ወደ 2027 ተዛውሮአል።

በነሐሴ 2003 በቺቺሃር ከተማ የግንባታ ሠራተኞች አፈር ሲቈፍሩ አሮጌ በርሜሎች አወጡ። ውስጡ ያለው የሰናፍጭ ጋዝ መሆኑን ያወቀ አልነበረም። 44 ሰዎች ተጐዱ፤ ከእነርሱም አንዱ ሞተ። ጃፓን 300 ሚሊዮን የን ከፈለች። አድማጮቼ እዚህ ላይ ጆሮአቸውን እንዲሰጡኝ እለምናለሁ፤ ገንዘቡ «ካሣ» ተብሎ አልተጻፈም፤ የተተወውን መሣሪያ ለማስወገድ ከሚደረገው ወጪ ጋር የተያያዘ ተብሎ ነው የተጻፈው። ምክንያቱም ቻይና በ1972 በወጣው የጋራ መግለጫ የጦርነት ካሣ አልጠይቅም ብላ ነበርና፥ «ካሣ» የምትለው አንዲት ቃል ብትገባ ኖሮ የተዘጋው መዝገብ ሁሉ ሊከፈት ነው። ዲፕሎማት ስለ አንዲት ቃል ሌሊቱን ሲከራከር የሚያድረው በከንቱ የሚመስለን ካለን፥ ይህን እናስብ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፥ እኛም ብንሆን ካሣን እናውቀዋለን፤ በ1947 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ የቆቃም ግድብ ከዚሁ ካሣ የተሠራ ነው። ካሣ ለደረሰው ጉዳት ነው፤ መርዙን የማጥፋት ግዴታ ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ አንዱ ተከፈለ ማለት ሌላው ተዘጋ ማለት አይደለም።

መሣሪያው የራሱ የሆነ፥ ገንዘብ ግን ያጣ መንግሥትስ? የሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ሩሲያ 40 ሺህ ቶን የሚሆን የመርዝ መሣሪያ በእጇ ቀረ። ጠላት የነበረችው አሜሪካ በኡራል ተራሮች አጠገብ በሽቹችዬ ማጥፊያ ፋብሪካ ለማሠራት ገንዘብ ለመስጠት ተስማማች። ነገር ግን ይህ ግዴታ ሳይሆን ርዳታ ነውና ሰጪው ሁኔታ አበጀ፦ ሩሲያ ያላትን ሁሉ በትክክል ትንገር፤ ከራሷም በጀት በየዓመቱ ታውጣ። የአሜሪካ ምክር ቤትም ለጥቂት ዓመታት ገንዘቡን አገደው፤ ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። ጀርመን በጎርኒ ረዳች፤ ኢጣልያም በፖቼፕ ለሚሠራው ፋብሪካ ርዳታ ለመስጠት ተስማምታ ነበር። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም። ሩሲያ የመጨረሻውን አጠፋሁ ያለችው በመስከረም 2017 ሲሆን፥ አሜሪካ ደግሞ የራሷን በሐምሌ 2023 ጨርሳለች።

የሶርያን ጉዳይ በአጭሩ ልንካው። በ2013 የጸጥታው ምክር ቤት ባወጣው ውሳኔ 1,300 ቶን ያህል መርዝ ከጦርነት መካከል እየተለቀመ በዴንማርክና በኖርዌይ መርከቦች ወጣ፤ ከዚያም በኢጣልያ በጆያ ታውሮ ወደብ ወደ አሜሪካ መርከብ ተዛወረ። ድኻው አገር የማይችለውን ሥራ ብዙዎች ተካፈሉት፤ የተካፈሉትም ስለ ሶርያ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸውም ደኅንነት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ በእኛ አገር ገበሬ ሲያርስ ወይም መንገድ ሠራተኛ ሲቈፍር የጥንት ብረት ቢያገኝ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ አይንካው፤ ለቅርብ ፖሊስ ይንገር። የኬሚካል መሣሪያ መሆኑ ከተረጋገጠ፥ ባለ አገሩ መንግሥት በ180 ቀን ውስጥ ለላሄው ድርጅት ማስታወቅ አለበት፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ጣለውም ያለውን ማስረጃ ሁሉ ያቀርባል። ጣይው ከታወቀም እንወያይ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ውይይቱም ድርጅቱ ጥያቄውን ካወቀ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር ይገባዋል። ማስረጃ የሚባለው ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። የቀበሌ ደብዳቤ፥ የሆስፒታል መዝገብ፥ የሽማግሌ ቃል፥ ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት የፖሊስ ሪፖርት ነው፤ ይህንንም የሚጽፈውና በፋይል የሚያስቀምጠው በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ቻይናም የቺቺሃርን ጉዳይ በቀናት ውስጥ በጃፓን ፊት አቅርባ ነበር።