ግለሰብና ማኅበረሰብ፦ ሚልና ዱርኬም የሚገናኙበት

ሰው በራሱ ሐሳብ መጽናቱና ከማኅበረሰቡ ጋር ተስማምቶ መኖሩ ይጋጫሉ ወይ? በዚህ ጥያቄ ላይ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል የግለሰቡ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ማኅበረሰብ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም የማኅበረሰቡ ጠበቃ ተደርገው ይቀርባሉ። እኔ ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ ቁም ነገሩም እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ሚል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ባሳተመው «ስለ ነጻነት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የሕዝብ አስተያየት የሚያሳድረው ጫና ከመንግሥት ጭቆና ሊከፋ እንደሚችል ጽፏል። ከሕግ ማምለጫ ይኖራል፤ የጎረቤት ዐይን ግን ጓዳ ድረስ ይገባል። ደግሞም የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ዝም ሲሰኝ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ልክ ከሆነ ሌላው የሚታረምበትን ዕድል ያጣል፤ ስሕተት ቢሆን እንኳ፣ ልክ የሆነው እምነት ተሟጋች ሲያጣ በልማድ ብቻ የሚደገም ቃል ሆኖ ይቀራል።

የዚህን ጫና ብርታት ሶሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሙከራ አሳይቷል። ለኮሌጅ ተማሪዎች አንድ መስመር ይቀርብላቸውና ከሦስት ሌሎች መስመሮች በርዝመት የሚተካከለውን ይጠየቃሉ። መልሱ ሕፃን የማይስተው ነው። በእርግጥ የሚፈተነው ግን አንዱ ተማሪ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አስቀድመው ተመካክረው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይጠራሉ። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዐይናቸው ያዩትን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተሳስተዋል። ይበልጥ የሚደንቀው ቀጥሎ የታየው ነው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ልኩን እንዲናገር ሲደረግ፣ የተፈታኙ ስሕተት ከቀድሞው ወደ ሩቡ ገደማ ወረደ። እንግዲህ ሰውየውን ያንበረከከው ከሰዎቹ ብዛት ይልቅ አንድም የተለየ ድምፅ አለመሰማቱ ነበር።

«ማኅበረሰብ ያለ አንድነት አይቆምም» የሚል ሙግት ይነሳል፤ ከባድ ሙግት ነው። ዱርኬም በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ከቤተሰብና ከማኅበር ትስስሩ የላላ ሰው ራሱን ለማጥፋት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ከአውሮፓ አገሮች በሰበሰበው አኃዝ አሳይቷል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን መተሳሰር ሌላ፣ አንድ ዓይነት ማሰብ ሌላ ነው። ዱርኬም ራሱ፣ ሶቅራጥስ በአቴና ሕግ ጥፋተኛ ቢሆንም ነጻ አስተሳሰቡ ለአገሩ ጭምር ጠቅሟል ብሏል። በ1898ም ፈረንሳይ ያለ ጥፋቱ በተፈረደበት በሻምበል ድሬይፉስ ጉዳይ ስትከፋፈል፣ የዘመናዊውን ማኅበረሰብ አባላት የሚያስተሳስረው ለሰው ልጅ ክብር ያላቸው የጋራ እምነት መሆኑን ጽፎ ለግለሰቡ መብት ቆሟል። ከሚል ጋር የሚገናኙት እዚህ ነው።

«ተቃዋሚ ሁሉ ሶቅራጥስ አይደለም» ቢባልም እውነት ነው። ሆኖም በአሽ ሙከራ ከብዙኃኑ የተለየው ሰው ራሱ ሌላ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ የተፈታኙ ስሕተት በእጅጉ ቀንሷል። ልክ ያልሆነ ተቃውሞም ለሌላው አፍ መክፈቻ ይሆናል።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ በዕድርም ሆነ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ አንድ ሰው ብቻውን የተለየ ሐሳብ ሲያነሳና እናንተም በልባችሁ ስትስማሙ፣ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ በር ላይ «ልክ ብለሃል» ከምትሉት፣ እዚያው እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ።