መንገድ ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም

የዛሬው ንግግራችን ስለ ከተማ መንገድ ነው። ምሳሌ የምናደርገው ጎፋን ነው። ጎፋን የማያውቅ የራሱን ሰፈር ያስብ።

እስቲ ከደጃችሁ ውጡ። መጀመሪያ የምትረግጡት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ጠባብ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣበታል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ይተከልበታል። ሥራው ሰውን ከቤቱ ማድረስ ነው። መኪና እዚህ ሲገባ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ መግባት አለበት።

ትንሽ ስትሄዱ ሰፋ ያለ መንገድ ታገኛላችሁ። ባለሙያዎች «ሰብሳቢ መንገድ» ይሉታል። አሸንዳ የጣሪያውን ውኃ ሰብስቦ እንደሚያወርድ፣ ይህም የሰፈሩን ሰውና መኪና ሰብስቦ ወደ ዋናው መንገድ ያደርሳል።

ዋናው መንገድ ደግሞ ከተማን ከከተማ ጭምር ያገናኛል። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በጎተራና በሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን ታውቁት የለም? ደብረ ዘይት የሚኬደው በእሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም የተዘረጋው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ የመንገዱ ሥራ ማሳለፍ ነው። በየበሩ ይቁም ከተባለ ማሳለፉ ይቀራል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ቀለበት መንገድ ይህንን በደንብ ያሳየናል። ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ ያልፋል። መሐሉ ለፈጣን መኪና ነው። በዳርና በዳሩ የጎን መንገድ አለው፤ ከሰፈር የሚወጣ መኪና መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ለእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ተሠርቷል። ሆኖም አጥር ዘሎ የሚሻገር ሰው አለ። መዝለሉ አደገኛ ነው። ግን እኔ እግረኛውን ብቻ አልወቅስም። ድልድዩ ከራቀ፣ ልጅ ያዘለች እናት ያን ሁሉ ሄዳ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ትውረድ ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ፈጣን መንገድ ሰፈርን ለሁለት ሲከፍል፣ መሻገሪያው ሰው በሚበዛበት ቦታ መሆን አለበት።

የባሰው ነገር የመንገዶች ሥራ ሲደባለቅ ነው። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ ሾፌሩ አቋራጭ ፍለጋ ወደ መንደር ይገባል። ፍጥነቱን ግን አይቀንስም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የመትረፍ ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያስፈልጋል። ጉብታውን ግን ጎረቤት ተሰብስቦ በዘፈቀደ አይሥራው፤ ጥያቄውን ጽፎ ለወረዳው ያቅርብ። መጻፍ የተማርነው ለዚህም አይደል?

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይህኛው ኪስንም ይነካል። በከተማው ፕላን ላይ ለእያንዳንዱ መንገድ ደረጃና ስፋት ይሰጠዋል። ዛሬ ጠባብ የሆነው መንገድ በፕላኑ ላይ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ቤት ከመግዛታችሁ ወይም አጥር ከማጠራችሁ በፊት ጠይቁ፤ ወረቀቱንም ራሳችሁ አንብቡ። ካርታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደላላ ያንብብላችሁ አትበሉ።

አሁን እርሳስና ደብተራችሁን አንሡ። ከቤታችሁ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን መንገድ በመስመር ሣሉ። በየመስመሩ አጠገብ ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ የውስጥ ለውስጥ፣ ሰብሳቢ፣ ዋና። ልጆች የሚሻገሩበትን ቦታ በመስቀል ምልክት አሳዩ። ሥዕሉን በሚቀጥለው ትምህርት ለአስተማሪያችሁ ይዛችሁ ኑ።