ስለ ሰማይ ወንበዴዎች ተረትና ከታች ስለሚቆመው ሰው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ርእሳችንን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «ስለ ግብርና ወይም ስለ ጤና መናገር ሲቻል የሰማይ ወንበዴን ምን አመጣው?» ብለው ስቀውብናል። መሳቃቸው አላስቀየመንም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ይህ ነገር ስለ ሆነ፥ ካልተከራከርንበት ይልቅ የተከራከርንበትን መናገር መረጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም ወር አምስት ሆነን በአንድ ደብተር ተረት መጻፍ ጀመርን። ከእንጅባራ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ዙሪያውን በደን የታጠረ፥ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ላይ ውሃ የተኛበት ሐይቅ ነው። የእኛ መርከብ ከዚያ ውሃ ተነሥታ ወደ ደመና ትወጣለች። አለቃዋ አንዲት አሮጊት ሴት ናት። ጭፍሮቿም ከቅኔ ቤት የኮበለለ ተማሪ፥ አንድ አንጥረኛ፥ አንድ ውሸታም አዝማሪ፥ እንዲሁም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ እንደምናያቸው ያለ አንድ የአገው ፈረሰኛ ናቸው። ፈረሰኛው ያለ ፈረሱ አልሳፈርም ስላለ፥ ፈረስ በአየር ላይ እንዴት ገለባ እንደሚበላ ለመጻፍ ብቻ አራት ገጽ ፈጅቶብናል። ሥራቸው የሀብታም ነጋዴ ጭነት ከሰማይ በገመድ እየሳቡ መውሰድ ነው።

አሮጊቷን ከራሳችን አላመነጨናትም፤ መደበቅም አያስፈልግም። ሚያዛኪ የተባለው ጃፓናዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ስለ ሰማይ ቤተ መንግሥት በሠራው ፊልም ውስጥ፥ ዶላ የምትባል የሰማይ ወንበዴዎች እናት ጎልማሳ ልጆቿን እየተቆጣች ታዛለች። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን ደግሞ አይሮፕላን ገና ሳይሠራ፥ በ1886 ዓ.ም. ሮቡር የተባለ ሰው 74 የሚያነሡ ሽክርክሪቶች ባሏት የአየር መርከብ ሆኖ፥ ክብር ያላቸውን ሰዎች ጠልፎ ዓለምን ሲያዞራቸው ጽፏል። በሁለተኛው መጽሐፍ በ1904 ዓ.ም. ይኸው ሮቡር የዓለም ጌታ ነኝ ባይ ሆኖ ተመለሰ። ከሁለቱ የመጀመሪያው ይሻላል ብለን እናምናለን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን ክብረ ነገሥትን ያገኘነው ዘግይተን ነው። አባቱ ቄስ የሆኑ ጓደኛችን፥ «እናንተ ጃፓንና ፈረንሳይ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?» ብሎ ነገረን። በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ፥ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ በነፋስ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ እንደ ሰጣት ይናገራል። ልጃቸው ምኒልክ ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ፥ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና ጓደኞቹ በታቦተ ጽዮን ስፍራ እንጨት ተክተው ታቦቷን ይዘው ወጡ። ሠረገላዎቹ፥ ሰዎቹና እንስሶቹ ሁሉ ከምድር ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሄዱ ይላል። መጽሐፉ ግን ይህን የእግዚአብሔር ፈቃድ ይለዋል እንጂ ስርቆት አይለውም፤ እኛም ከመርከባችን ጭፍሮች ጋር አንቀላቅለውም። የበረራ ተረት ከውጭ የመጣ ዕቃ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በስም ላይ ሆነ። ወንበዴ እንበላቸው ወይስ ሽፍታ? በእኛ አገር ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወንበዴ የሚባለው መንገደኛ የሚገፍ ነው። ሽፍታ ግን ተበድሎ ጫካ የገባ ሊሆን ይችላል፤ በላይ ዘለቀን የመሰለ ጎጃሜ አርበኛም ሽፍታ ተብሎ ያውቃል። እንግዲህ አሮጊቷ የዘረፈችውን ለድሆች ካካፈለች ሽፍታ ናት ብለን፥ በደስታ ጻፍንላት።

ደስታችን የቆየው ከመካከላችን አንዷ ደብተሩን ዳንግላ ይዛ ሄዳ ለአያቷ እስክታነብላቸው ድረስ ነው። እማማ ፈረሱ ጋ ሲደርሱ ከልባቸው ሳቁ። ጭነቱ በገመድ ሲሳብ ግን፥ «ልጄ፥ ከታች የቆመውስ ሰው?» ብለው ጠየቁ። እናታቸው በጣልያን ጊዜ የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሕፃን ታቅፈው ወደ ጫካ ይሮጡ እንደ ነበር ነገሯት።

የሚገርመው፥ ይኸው ጥያቄ በእንግሊዛዊው በሳሙኤል ጆንሰን መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላያትም፤ ነገር ግን የግሽ ዓባይን ምንጭና የአገውን አገር የጻፈውን የሎቦን ጉዞ በ1735 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። በ1759 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኢትዮጵያዊው መስፍን ስለ ራስላስ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በተራራ በተከበበ የአማራ ሸለቆ ውስጥ አንድ ባለ እጅ ክንፍ ይሠራል፤ ዕውቀቱን ግን ለሌላ ሰው እንዳይገለጥበት ቃል ያስገባል። ክፉ ሰው ከሰማይ ከመጣ ለደጉ ቅጥርም ተራራም ባሕርም መከታ አይሆነውም ብሎ ነውና። ዓመት ደክሞ ዘለለ፤ ወዲያው ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልጠቀመው ክንፍ በውሃ ላይ አንሳፎት በሕይወት ወጣ።

ስናነብ መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን ዓመቶቹን ቆጠርን። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝብም ተደነቀ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች በሰሜን ጦር ግንባር በወታደርና በባላገር ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጄኔቭ ለዓለም ተናገሩ። የጆንሰን ባለ እጅ የፈራው ደረሰ፤ ያውም በዚያው አገር።

እንግዲህ ደብተሩን እናቃጥለው ያለ ጓደኛ ነበረን። ሌላው ደግሞ፥ በኅዳር 1933 ዓ.ም. የኋላው ጄኔራል ዊንጌት የተሳፈረበት ትንሽ አይሮፕላን እዚሁ አጠገባችን ሰከላ ላይ ማረፉን አስታወሰን። ለአርበኞች ተስፋ ይዞ የመጣ አይሮፕላን ነበር፤ ከታች የቆሙት ሰዎችም የሚጠብቁት ነበሩ። ደብተሩ ሳይቃጠል የቀረው ስለዚህ ነው።

ታሪኩን ግን ለውጠነዋል። በአዲሱ ምዕራፍ ጭነቱ በገመድ ከተሳበበት በቅሎ አጠገብ አንድ ልጅ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ጭነቱ የሀብታም ነው፤ በቅሎዋን በኪራይ የሚነዱት ግን የልጁ አባት ናቸው። አሮጊቷ ታየዋለች። አንጥረኛው እንሂድ ይላል፤ ፈረሰኛው እንውረድ ይላል፤ አዝማሪው እንደ ልማዱ ሁለቱንም ይደግፋል። መርከቧን ዘንገና ዳር እናሳርፋት ወይስ ደመና ውስጥ እንሰውራት በሚለው ላይ ሦስት ለሁለት ተከፍለን ሳንስማማ ፈተና ደረሰብን። ደብተሩ አሁን በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እጅ ነው፤ ወደ ኋላ ዐሥራ ሁለት ባዶ ገጾች ቀርተውታል።