ድሩን ከመዘርጋታችን በፊት ሰዉን እናሰባስብ

(ይህ ጽሑፍ በመርጡለ ማርያም ከተማ ለተሰበሰቡ ስፖርት ወዳድ ወጣቶች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረነዋል።)



ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2003/04 የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳው ክለብ ማን ነው? አያችሁ! ጥያቄውን ሳልጨርስ “አርሰናል” አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ አሰላለፉን ግን ከበረኛው እስከ አጥቂው ትጠሩታላችሁ። በሉ ሌላ ልጨምር። በዚያው በ1996 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሜዳ ላይ ለወረዳችን ተሰልፈው የተጫወቱት እነማን ነበሩ? አሁን ዝም አላችሁ። እኔም አላውቅም። ከተጫዋቾቹ መካከል ግን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ አይጠፉም።

“የስፖርት ደጋፊዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ እንሥራ” የሚል ሐሳብ ከእናንተ መካከል መነሳቱን ሰምቻለሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን ከእናንተ በፊት ሞክረን ወድቀናል። ስለዚህ ከምክር በፊት አወዳደቃችንን ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ነው፤ በስልካችን የደጋፊዎች ገጽ ከፈትን። በሁለት ወር ውስጥ አባላቱ በዙ፤ እኛም ደስ አለን። ታዲያ የሚጻፈው ምን ነበር? ከሌላ ቦታ የተገለበጠ የእንግሊዝ ክለቦች ወሬ! የራሳችን የሆነ አንድ መስመር አልነበረውም። ቀጥሎ ስድብ መጣ። መጀመሪያ በክለብ፣ ከዚያ በሠፈር፣ ከዚያ በዘር ሆነ። እህቶቻችን አንድ በአንድ ጥለው ወጡ። ማታ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ጨዋታ ማየት ለማይመቻቸው ልጆች ያ ገጽ ብቸኛ መገናኛቸው ነበር እኮ! እሱንም ነጠቅናቸው።

የከፋው ግን ገና ነበር። አንድ የሠፈራችን ተጫዋች ለጥቂት ሳምንታት ከሜዳ ቀረ፤ ከሳ ብሎም ነበር። አንድ አባል “ያ በሽታ ይዞት ነው” ብሎ ከነፎቶግራፉ ጻፈ። እኛ ያየነው በማግሥቱ ነው። ወዲያው አጠፋነው፤ ነገር ግን ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ አልቋል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልመጣም። ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ይቅር ብሎናል፤ ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰም። ቫይረሱ በደሙ ይኑር አይኑር የማናችንም ጉዳይ አልነበረም። መመርመርም፣ ውጤትን መናገርም የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ደግሞስ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እስከወሰደ ድረስ ይሠራል፣ ይሮጣል፣ ኳስም ይጫወታል። ያንን ልጅ ከሜዳ ያስወጣው በሽታ አይደለም፤ የእኛ ገጽ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ገጹ ዝም አለ። ኔትወርኩ ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ብቻውን ይዞት የነበረው ጓደኛችን ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ ስልኩንም ቀይሯል። አለቀ። አንድ ወረቀት እንኳን አልተረፈንም።

ወጣቶች! ከዚህ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። ድረ ገጽ ሰውን አይሰበስብም፤ የተሰበሰበ ሰው ግን ድረ ገጽ ይሠራል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር ማይፉትቦልክለብ የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። በሺህ የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በነፍስ ወከፍ 35 ፓውንድ አዋጥተው በ2008 ኤብስፍሊት ዩናይትድ የተባለውን ክለብ ገዙ። ክለቡም በዚያው ዓመት በዌምብሌይ ስታዲየም የኤፍ ኤ ትሮፊን ዋንጫ አነሳ። ተአምር ነው አይደል? ነገር ግን አባላቱ በየአገሩ የተበተኑና እርስ በርስ የማይተዋወቁ ነበሩ። መዋጮውን የሚያድሰው ሰው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ። በ2013 ክለቡን ለሌላ አስረከቡ።

በተቃራኒው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካን ተመልከቱ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ያኔ ድረ ገጽ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። በየከተማው የሚኖሩ ወገኖቻችን ቡድን አቋቋሙ፤ በዓመት አንድ ጊዜ እየተገናኙ ኳስ ተጫወቱ፤ ዘመድም ከዘመዱ ተፈላልጎ ተገናኘ። ሰዉ ቀደመ፤ ድረ ገጹ በኋላ መጣ። ማኅበሩም እስከ ዛሬ አለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሶከር ኢትዮጵያ የተባለውን ድረ ገጽ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስለ አገር ውስጥ እግር ኳስ በአማርኛ ይጽፋል፤ ከፕሪምየር ሊጉ አልፎ የታችኞቹን ሊጎችና የሴቶችን ውድድር ይዘግባል። የማንቸስተርን ወሬ ሺህ ቦታ ታገኙታላችሁ። የከፍተኛ ሊግን ውጤት ግን ስንት ቦታ ታገኛላችሁ?

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ ከቤታችን አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕድር ሲመሠርቱ መጀመሪያ ድንኳን አይገዙም። መጀመሪያ ሰው ይመዘገባል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ደንብ ይጻፋል። ድንኳኑ የሚመጣው መዋጮው ሲጠራቀም ነው። የእኛ ድረ ገጽም ድንኳን ነው።

አንደኛ፣ ጸሐፊ እንምረጥና አንድ ወፍራም ደብተር እንግዛ። በሜዳችን የሚደረግ እያንዳንዱ ጨዋታ ከነቀኑ፣ ከነአሰላለፉና ከነጎል አስቆጣሪው ይመዝገብ። የት/ቤት ውድድር፣ የሴቶች መረብ ኳስ፣ የገና ጨዋታ፣ ጉግስም ሳይቀር ይግባ። የቀድሞ ተጫዋቾችን ቤታቸው ድረስ ሄደን እንጠይቅ፤ ፎቶግራፋቸውን አስፈቅደን እናንሳ። ኔትወርክ ቢጠፋ ደብተሩ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ደንብ ይኑረን። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። የገና ስድብ ግን ማታ እዚያው ሜዳው ላይ ይቀራል፤ የስልክ ስድብ ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ እንደ ኳሱ ቢጫና ቀይ ካርድ እናብጅ፤ በየዕለቱ ገጹን የሚያይ ተረኛ ዳኛም እንመድብ። በዘር መሳደብ ነውር ብቻ አይደለም፤ ጥላቻን የሚቀሰቅስ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ወንጀል ነው። የሰውን ጤንነት ማውራትና ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ መለጠፍ ግን ያለ ቢጫ በቀጥታ ቀይ ይሁን!

ሦስተኛ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። የይለፍ ቃሉን ሦስት ሰዎች ይያዙት፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ገንዘቡም በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም በባንክ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የቴክኒኩ ጉዳይ። ይህ ከሁሉ ይቀላል። ዎርድፕሬስን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በየዓመቱ የሚከፈለው ለገጹ አድራሻና ለማስቀመጫው ቦታ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም። ፎቶግራፎቹን ግን አሳንሳችሁ ለጥፉ። ገጹ የሚከፈተው በስልክ፣ በደካማ ኔትወርክና በተቆጠረ ካርድ መሆኑን አትርሱ።

ንግግሬን ላጠቃልል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ኮምፒውተር አትፈልጉ። እያንዳንዳችሁ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ፈልጉ፤ “ጋሼ፣ ከማን ጋር ነበር የተሰለፋችሁት?” ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ጻፉ። የ1996ቱን አሰላለፍ አሥራ አንዱንም ስም አሟልተን ስንጽፍ ያን ጊዜ የራሳችን የምንለው ገጽ ይኖረናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የድረ ገጹም ድር እኛው ነን።