ለቆጠራ የሚወጣው ገንዘብ



በሒሳብ ሥራዬ እንዳየሁት በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የመረጃ መሰብሰቢያ ነው። የዘንድሮው የጤና ሥልጠናችን ላይ ግን እንዳይሰረዝ እከራከራለሁ። ምክንያቴን ከትግራይ ላምጣ።

ገብረኢየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው የተባሉ ተመራማሪዎች ወባ የበረታባቸውን 24 ጣብያዎች (እኛ ቀበሌ የምንለውን) መረጡ። ቤተሰቡን ቆጥረው፣ የሕፃናት ሞታቸው የተቀራረበውን አጣመሩ፤ ከየጥንዱም አንዱን በዕጣ ለዩ። በዕጣው በወጡት ጣብያዎች የሠለጠኑ አስተባባሪ እናቶች፣ ሌሎች እናቶች የወባን ምልክት እንዲለዩና ለታመመ ልጅ ፈጥነው ክሎሮኪን እንዲሰጡ አስተማሩ። ልደትና ሞት በሁሉም ጣብያዎች በየወሩ ተመዘገበ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከ5 ዓመት በታች ካሉ 1,000 ሕፃናት፣ እናቶች በተማሩበት 29.8፣ ባልተማሩበት 50.2 ሞቱ። በ40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። (ያ መድኃኒት ዛሬ ለፋልሲፓረም ወባ አይሰጥም፤ እኔ የማወራው ስለ እናቶቹ ነው።)

ያልተማሩበት ጣብያ ባይቆጠር ኖሮ 29.8 ብቻውን ምን ይነግረን ነበር? ደጋፊዎቻችን ሁልጊዜ «ስንት ሴቶች ሠለጠኑ?» ትሉናላችሁ። እሱ ገንዘቡ የት እንደገባ ያሳያል እንጂ ስንት ልጅ እንደተረፈ አያሳይም።

ስለዚህ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ቤት ለቤት እንቁጠር፤ ሥልጠናው በኋላ የሚደርሳቸውን ቀበሌዎችም ጭምር። «እህቶች በነፃ ይቁጠሩ» የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። የምትዞረዋ ሴት ገበያዋንና ጓዳዋን ትታ ነው የምትወጣው፤ አበሏ በሠንጠረዡ ላይ ተይዟል፣ እንድታጸድቁት እጠይቃለሁ።