በግሉ የሚሠራ የካሜራ ባለሙያ ሀብትና ዕዳ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ «በግሉ የሚሠራ የካሜራ ባለሙያና የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ የሥራ ሕይወት» የሚል ነበር። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ለማጥበብ ስል የአንድ ሰው ሕይወት መርጫለሁ፤ ይኸውም የመሐመድ አሚን ነው። ሰውየው የአገራችን ተወላጅ ባይሆንም፣ ስሙን ለዓለም ያስጠራው ሥራ የተሠራው በአገራችን ምድር ነው። ክንዱን ያጣውም እዚሁ ነው። የመጨረሻ ጉዞውንም የጀመረው ከአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የታሪኩ እኩሌታ የእኛም ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

መሐመድ አሚን በ1943 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሱም ያደገው በዳሬሰላም ነው። ገና በልጅነቱ አንዲት ያገለገለች ርካሽ ካሜራ ገዝቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። በ1963 እ.ኤ.አ. ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ዕድሜው ገና 20 ዓመት ነበር። በማግሥቱ ዓመት የዛንዚባር አብዮት በፈነዳ ጊዜ ከዚያው ተገኝቶ ቀረጸ። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያችው ደሴት ተይዞ አራት ሳምንት ያህል በወኅኒ ቤት ቆየ። በ1969 እ.ኤ.አ. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በጥይት በተመቱበት ዕለት ፈጥኖ ከስፍራው ደርሶ ያነሣው ፊልም በብሪታንያ ሽልማት አስገኘለት።

ከዚህ አጭር ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በግሉ የሚሠራ ባለሙያ የወር ደመወዝ የለውም፤ የሚከፈለው ላመጣው ምስል ብቻ ነው። ፊልሙ ብርሃን ቢገባበት፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ሌላ ሰው ቢቀድመው፣ ኪሣራው የራሱ ነው። በዚህም ምክንያት መሐመድ አሚን ከአንድ ጉዞ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ አይመለስም ነበር። በአንድ ትከሻው የፊልም፣ በሌላው የፎቶግራፍ ካሜራ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ያው ጉዞ ለቴሌቪዥን ዜና፣ ለጋዜጣ ፎቶግራፍ፣ ሲውል ሲያድርም ለመጽሐፍና ለዘጋቢ ፊልም ይሆናል። ስለ መካ ጉዞ የሠራው ፊልምና ያሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከመካከላችን ብዙዎች በወጣትነታችን ካሜራውን እንደ ዋና ሀብታችን እንቆጥር ነበር። ካሜራ ግን ያረጃል። የባለሙያው እውነተኛ ሀብት ሦስት ነገር ነው፤ ሲጠራ ፈጥኖ መነሣቱ፣ በየአገሩ ያፈራው የሰው ዕውቂያና በመዝገብ ቤቱ ያስቀመጠው የሥራው ክምችት።

የዕውቂያው ጥቅም በሚገባ የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን ለመጓዝ ፈቃድ ማግኘት ለጋዜጠኛ ቀላል አልነበረም። መሐመድ አሚን ግን በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተመላለሰ፣ የቢሮዎቹን ደጅ የሚያውቅ፣ ሲከለከል ነገ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ስለ ነበር ፈቃዱን አገኘ። ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል ቡርክና ከድምፅ ቀጂው ከዛክ ንጁጉና ጋር ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ሄደ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የታየው ያ የጥቂት ደቂቃዎች ምስል ምን እንዳስከተለ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። በዚያው ዓመት በለንደን የሙዚቃ ሰዎች ተሰብስበው ለርዳታ የሚውል ዘፈን ቀረጹ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተከተለ፤ እህልም ገንዘብም መጣ። የሰው ሕይወት ተረፈ። ይህንን ማንም ሊክደው አይገባም።

ነገር ግን ምስል ከቀረጸው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ በራሱ መንገድ የሚሄድ ነገር ነው። ይህንንም ከኮረም በፊት በወሎ አይተነዋል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም የተዘጋጀው ለእንግሊዝ ተመልካች ነበር። ያው ፊልም ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ምስል በወሎ ሜዳ ላይ የቀረጹት ሰዎች ለዚህ ይውላል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። የኮረሙም እንዲሁ ነው። እህል ያመጣው ምስል፣ የኢትዮጵያን ስም ከረሃብ ጋር አጣብቆ ለረጅም ዘመን አኖረው። የገዛው ይቈርጠዋል፤ ያሳየው የራሱን ቃል ይጨምርበታል፤ ባለሙያው ቆሞ ከማየት በቀር ሥልጣን የለውም።

እንግዲህ በእጃችን የሚቀረው ምንድር ነው? ብዬ ራሴን የጠየቅሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመሐመድ አሚን ታሪክ ተነሥቼ አይደለም። ከራሴ ጥፋት ነው።

በዚያው በክፉው ዘመን በቀን ሒሳብ ተቀጥሬ በአንድ የተረጂዎች መጠለያ ፊልም አነሣሁ። የያዝሁት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራና ሦስት ባለ መቶ ጫማ ጥቅል ነበር። አንዱ ጥቅል ሦስት ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ የምታውቁት ነው። ስለዚህ ፊልሙን እንደ ወርቅ እቈጥበው ነበር፤ ብርሃኑን ለካሁ፣ ርቀቱን ለካሁ። ሥራዬን ስጨርስ በቆርቆሮዎቹ ላይ «መጠለያ፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ ማለዳ» ብዬ ጻፍሁና አስረከብሁ፤ አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ አንድ ጎልማሳ ቤቴ ድረስ መጣ። በዚያ መጠለያ እናቱ እንደ ሞተችበት፣ እርሱም ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ እንደ ነበረ ነገረኝ። «ጋሼ፣ እናቴ ፎቶግራፍ የላትም። ምናልባት እርስዎ ካነሡት ውስጥ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። ስሟን ነገረኝ። ፊልሙን አውጥቼ ሦስቱንም ጥቅል አሳየሁት። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አየን። ብዙ ሴቶች አሉበት። እርሱ መልኳን አያስታውስም፤ እኔ ስም አልጻፍሁም። አመስግኖኝ ወጣ።

የማኅበሩ አባላት ሆይ፣ ብርሃኑን የለካሁበት ጊዜ አንዲትን ሴት «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ በበቃ ነበር። ጥፋቱን በአሠሪዬ ላይ ላሳብብ አልችልም፤ ማንም አትጠይቅ አላለኝም።

በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ሕፃናት አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። በካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች ካሜራ የተያዘው ፊቷ በሐምሌ 1977 ዓ.ም.ቱ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ ታየ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ በለንደን በተደረገው ተመሳሳይ ዝግጅት በስሟ ተጠርታ በመድረክ ላይ ቆመች። ይህ ሊሆን የቻለው የካናዳው ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ቀርጾ በመሄድ ስላልተወሰነ፣ ተመልሶ ፈልጎ ስላገኛት ነው። ከእርሷ አጠገብ የነበሩት ሌሎቹ ፊቶች ግን እስከ ዛሬ ያለ ስም ይታያሉ።

ወደ መሐመድ አሚን ልመለስ። በግሉ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ እርሱ እስከ መጨረሻው ከፍሏል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ለመቅረጽ ሄዶ ግራ ክንዱን አጣ፤ ከእርሱ ጋር የነበረው ድምፅ ቀጂ ጆን ማታይ ሕይወቱን አጣ። መሐመድ አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ወደቀ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ፣ አንዱ እርሱ ነበር። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደ ተናገሩት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገር ነበር።

ካሜራው፣ ክንዱ፣ በመጨረሻም ራሱ አለፈ። የቀረው ክምችቱ ነው። ልጁ ሳሊም አሚን ይህንን የፎቶግራፍና የፊልም ሀብት ጠብቆ አቆይቶታል፤ ስለ አባቱም ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ይህ የሆነው መሐመድ አሚን ሥራውን ሽጦ ብቻ ስላልጨረሰ፣ በቤቱም ስላስቀመጠ ነው። ስለ ጆን ማታይ ግን ምን ያህሎቻችን ሰምተናል? ከካሜራው ፊት የቆመው ብቻ ሳይሆን፣ ማይክሮፎኑን ይዞ ከጎናችን የቆመውም ስሙ ይጠፋል።

ንግግሬን የማጠቃልለው ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ በማቅረብ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሥራ ቦታ የሚሞላው አንድ ቅጽ ይዘጋጅ፤ የተቀረጸው ሰው ስም ከነአባቱ፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ ዕለቱና ስፍራው ይጻፍበት፤ ይህም ሰውየው ፈቃደኛ ሲሆንና ስሙ መታወቁ ጉዳት የማያመጣበት ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ድምፅ ቀጂው፣ አስተርጓሚው፣ ሾፌሩም በፊልሙ መጨረሻ ስማቸው ይውጣ። ሦስተኛ፣ አባሎቻችን ለማንም ቢሠሩ አንድ ቅጂ በአገር ውስጥ እንዲቀር በውላቸው ያስገቡ።

ዛሬ በእጅ ስልክ የሚቀረጸው ምስል የጥቅል ገደብ የለውም። እኛ በሦስት ደቂቃ ፊልም የበደልነውን፣ ወጣቶቹ በብዙ ሰዓት ምስል ሊደግሙት ይችላሉ። የምሥሉ ጥራት ይህንን አያድንም። ያ ጎልማሳ ከቤቴ ደጃፍ ሲወጣ ያየሁት ጀርባው ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም። ወደ እናንተ ቤት የሚመጣው ልጅ ግን መልስ ይዞ እንዲመለስ እመኛለሁ።