ሁለተኛው ቁልፍ



የውጤት መመዝገቢያው ድረ ገጽ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመርለት ሲባል «ደግሞ ሌላ ጣጣ!» የሚል አይጠፋም። አይፈረድበትም። ግን የአንድ መምህር የይለፍ ቃል ሲሰረቅ አደጋው ላይ የሚወድቀው ተማሪው ዓመታት የለፋበት ውጤት ነው።

ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። በምዝገባው ቀን ሰርቨሩና ስልካችሁ አንድ ምስጢር ይካፈላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ከምስጢሩና ከሰዓቱ በየ30 ሴኮንዱ ባለ6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ዘዴው በ2011 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 6238 በተባለ ሰነድ ታትሟል። ኔትወርክ አይፈልግም። ቁጥሩ በኤስኤምኤስ ቢላክ ግን ውጭ አገር ሆኖ ትራንስክሪፕት ለሚጠይቅ፣ የአገር ቤት ሲሙን ለተወ የቀድሞ ተማሪ አይደርሰውም፤ በእናንተ ስም ምትክ ሲም ላስወጣ ሌባ ግን ይደርሰዋል።

እኔን በሙያዬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስልኩ የጠፋበት ሰው ነው። ደውሎ «ዶክተር እገሌ ነኝ፣ ቶሎ ክፈቱልኝ» ላለ ሁሉ የሚከፈት ከሆነ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ለይስሙላ ነው የተገጠመው። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ፦ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉባቸው፤ ቁጥሩን ለማንም በስልክ አትንገሩ፤ መታወቂያ የሚጠይቃችሁን የሬጅስትራር ሠራተኛ አትቆጡት። የተማሪያችሁን ውጤት እየጠበቀላችሁ ነው።